ተራው የፋይበርግላስ ሬዚን ለጣና ይበቃል? በርጥበትና በሙቀት የተመዘነ ግምገማ

ፋይበርግላስ ለማሠራት ስትነሡ ቀድሞ እጃችሁ የሚገባው ዕቃ ያው የታወቀው ነው፤ ተራ ፖሊስተር ሬዚን (ሲጠነክር ፕላስቲክ የሚሆን ፈሳሽ)፣ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን የብርጭቆ ክር ምንጣፍ (ማት) እና በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ሬዚኑን የሚያጠነክር ሃርድነር። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፣ ቶሎ ይጠነክራል፣ ሲያልቅም ያብለጨልጫል። እዚህ የሚገመገመው ይኸው ዕቃ ጎጃም ውስጥ፣ በጣና ውኃ፣ በእንጅባራ ብርድና በዓባይ በረሃ ሙቀት እንዴት እንደሚውል ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለጣሪያ፣ ለመኪና አካልና ለወንበር ከአምስት ነጥቦች አራቱ ይገባዋል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ላይ ለሚተኛ የጀልባ ሆድ ግን ከ2 በላይ መስጠት ይከብዳል፤ ያም በጥንቃቄ ከተሠራ ነው።

የአሠራሩ ሐሳብ ለአገሩ ሰው አዲስ አይደለም። የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ረግጦ ግድግዳ የሚመርግ ሰው ያንኑ ይሠራል፤ ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዛል፣ ጭቃው ደግሞ ጭዱን በቦታው ያጸናል። ዝናብ የመታው ግድግዳ የሚናደው ጭዱ ተበጥሶ ሳይሆን ጭቃው ርሶ ጭዱን ስለለቀቀው ነው። በፋይበርግላስም ክሩ ብርጭቆ ስለሆነ ውኃ አይጠጣም፤ የሚጠጣው ሬዚኑ ነው። ፕላስቲክ መስሎ ስለሚታይ ውኃ አያስገባም ብሎ የሚያምን ብዙ ነው፤ ግን ቀስ እያለ ያስገባል። የደንገል ታንኳ ውኃ ስትጠጣ ትከብዳለች፣ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ትቀላለች፤ ፋይበርግላስም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ የጠጣው ለዓይን አለመታየቱ ነው።

የገባው ውኃ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያ ሬዚኑን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋልም፤ ይህ ሲደርቅ በአብዛኛው ይመለሳል። ሁለተኛው አይመለስም፤ ውኃው ፖሊስተሩን ያያያዘውን የኤስተር ሰንሰለት እየቆረጠ ወደ አሲድና ወደ አልኮል ይበትነዋል። ሦስተኛው ክሩና ሬዚኑ የተጣበቁበትን ገጽ ያላቅቃል። የብርጭቆው ክር በፋብሪካ ሳለ ከሬዚን ጋር የሚያጣብቀው ስስ ቅባት ይቀባል፤ ውኃ እዚያ ከደረሰ ክሩ በቀዳዳ ውስጥ እንደ ላላ ችካል ይሆናል። ጀልባው ቅርጹ ሳይለወጥ ሲረግጡት የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ሙቀት የዚህ ሁሉ አፋጣኝ ነው። እንደ ሻካራ መለኪያ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የውኃው አገባብም የመበስበሱም ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ውፍረት ደግሞ በካሬ ይቆጠራል፤ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አካል በአንድ ወር የሚጠግበውን፣ 4 ሚሊ ሜትር የሆነው ለመጥገብ አራት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ «አንድ ንብርብር ብንቀንስስ?» የሚለው ቁጠባ የሚበላው ጥንካሬን ብቻ አይደለም፤ ዕድሜንም ነው።

ጨው የሌለው ውኃ

ሻጮች «ይህ ሬዚን ባሕር ላይ የተፈተነ ነው» ሲሉ የሚሰማው ሰው ጣና ከባሕር ይቀላል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ የጣና ውኃ ጣፋጭ ነው። ከጄልኮቱ (ከላይኛው የሬዚን ሽፋን) ሥር በምትገኝ ትንሽ ባዶ ቦታ ውስጥ ያልተዋሐደ ሬዚን፣ ግላይኮል (ፖሊስተር የሚሠራበት አልኮል) ወይም የማቱ ማጣበቂያ ሲቀር የገባው ውኃ ያሟሟዋል፤ ወፍራም ፈሳሽም ይሆናል። ውጭ ያለው ቀጭን ውኃ ወደ ወፍራሙ ይሳባል፣ ግፊት ይፈጠራል፣ ጄልኮቱም ውኃ ይቋጥራል። የውጭው ውኃ በቀጠነ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይበረታል። ሞቃት ጣፋጭ ውኃ ለፖሊስተር ጀልባ ከባሕር ይልቅ የከፋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጅቡቲ ላይ ዓመታት የቆየ ጀልባ ለጣና ዋስትና አይሆንም።

የቋጠረውን ማወቅ ቀላል ነው። ጀልባው ከውኃ እንደወጣ፣ ገና ሳይደርቅ፣ በጎን በኩል ባትሪ እያበራችሁ ሆዱን ተመልከቱ። ከምስር ፍሬ እስከ ሳንቲም የሚያህሉ እብጠቶች ካሉ አንዱን በመርፌ ውጉ። መነጽር ሳታደርጉ ግን አትንኩት፤ ፈሳሹ ተጨንቆ ስለቆየ ወደ ዓይን ይረጫል። የሚወጣው የሚያጣብቅና እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ሬዚኑ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ንጹሕ ውኃ ብቻ ከወጣ ደግሞ እብጠቱ ምናልባት የቀለሙ ነው፤ ያ ቀላል ነው።

እንግዲህ ሌሎቹ ሬዚኖችስ? አይሶፍታሊክ የሚባለው ፖሊስተር ከተራው (ከኦርቶፍታሊኩ) ይልቅ ውኃን ይቋቋማል፤ ጄልኮት ስትገዙ በጣሳው ላይ ያንን ስም ፈልጉ። ከዚያ የሚበልጠው ቫይናይል ኤስተር ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ ውኃ የሚቆርጣቸው መጋጠሚያዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ እነሱም በሰንሰለቱ ጫፍ ስለሚገኙ ለመበስበስ ይከብደዋል። ጀልባውን በሙሉ በእሱ መሥራት ግን አያስፈልግም። ከጄልኮቱ ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ ንብርብር ብቻ በቫይናይል ኤስተርና ማጣበቂያው ዱቄት በሆነ ማት ሥሩ፤ የቀረው ውፍረት በተራው ፖሊስተር ቢሞላ ብዙም አይጎዳም። ለገንዘቡ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም።

ኤፖክሲ የተባለው ሌላው ሬዚን ሁልጊዜ የበላይ ነው የሚለውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ለማጣበቅና ለጥገና ወደር የለውም፤ ሲጠነክርም የሚኮማተረው ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲሆን ፖሊስተር ከ5 እስከ 8 በመቶ ይኮማተራል። ነገር ግን ያለ ምድጃ በክፍል ሙቀት የጠነከረ ኤፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል። ውኃ ሲጠጣ ይህ ቁጥር ይወርዳል፤ በባለሙያዎች የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ውኃ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። በጥቁር ወይም በጠቆረ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የጀልባ ወለል በቀትር ፀሐይ 70 ዲግሪ ይደርሳል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ተራው ፖሊስተርም ቢሆን በጭነት ሥር ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ላይ መልፈስፈስ ይጀምራል፤ በሚገባ የጠነከረ ቫይናይል ኤስተር ግን 100 ዲግሪን ይሻገራል። በነጭ መቀባት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ዲግሪ ያተርፋል፣ ዋጋውም የአንድ ጣሳ ቀለም ነው።

አለካኩ ላይ የሚበላሸው

ከዕቃው ይልቅ ሥራው ያጠፋል። ለአንድ ኪሎ ሬዚን የሃርድነሩ መጠን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። መካከለኛው 15 ግራም በመጠን 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ በመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ይለካል። በክዳን «ጠብ» እያደረጉ መገመት የተለመደ ቢሆንም የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው። ከ10 ግራም ካነሰ ሬዚኑ የጠነከረ ቢመስልም ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ይቀራል። ብዙ ጨምሮ ማስቸኮልም መፍትሔ አይደለም፤ ያልሠራው ሃርድነርና ተሸካሚ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ፣ ኋላ ውኃ የሚስበው ያ ቅሪት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ፤ ኮባልት የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ማፋጠኛ ለብቻው ከመጣላችሁ በመጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በሚገባ አዋሕዱት፣ ሃርድነሩ በኋላ ይግባ። ሁለቱ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ።

በባሕር ዳር የተለመደ የቀን ሙቀት፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ፣ 15 ግራም ሃርድነር የገባበት አንድ ኪሎ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ የሥራ ጊዜ ይሰጣል። ዓባይ በረሃ ወርዶ ለሚሠራ ያው መጠን ብሩሽ ሳይነሣ ይረጋል፤ ወደ 10 ግራም ዝቅ አድርጉ፣ በአንድ ጊዜም ከግማሽ ኪሎ በላይ አትበጥብጡ። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ፖሊስተር ቢጠነክርም አይበስልም፤ ቀን የተሠራው ሌሊት ቅዝቃዜ ሲመታው በመንገድ ላይ ይቆማል። በማግስቱ ሲነካ ደረቅ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። በጨርቅ አሴቶን ነክራችሁ ጥቂት ሰከንድ እሹት፤ ከተጣበቀ ወይም ከለሰለሰ ጥሬ ነው። አየር ያገኘው ላይኛው ገጽ ፓራፊን (ሰም) ከሌለበት ምንጊዜም ትንሽ ያጣብቃልና ፍርዱን ብርጭቆ ወረቀት ካስነካችሁ በኋላ ስጡ።

ማብሰል የሚባለውን ሥራ አብዛኛው ሠሪ ይዘለዋል። ሬዚኑ ከጠነከረ ከ24 ሰዓት በኋላ በ40 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ቢቆይ፣ ወይም በ80 ዲግሪ ለ3 ሰዓት፣ የቀረው ስታይሪን (ሬዚኑን የሚያቀጥነው ፈሳሽ) ይዋሐዳል፣ ውኃ የመቋቋም አቅሙም በግልጽ ይሻላል። ምድጃ አያስፈልግም። በጥር ወይም በየካቲት ጀልባውን በጥቁር ሸራ እንደ ዳስ ሸፍናችሁ ቴርሞሜትር ብትሰቅሉ 40 ዲግሪው በፀሐይ ብቻ ይገኛል፤ 16ቱ ሰዓት ሁለት ሦስት ቀን ይወስድ እንጂ። ሠሪው «አያስፈልግም» ካለ ሌላ ሠሪ ፈልጉ።

ክረምት ላይ ማቱ ራሱ ይረጥባል። ከሰኔ እስከ መስከረም በተከፈተ ጥቅል የቆየ ማት ሬዚን ሲነካው ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ግልጽ አይሆንም። ያ ነጭ ቦታ ክሩ ያልተያዘበት ነው፣ በቀለም ተሸፍኖ ይሸጣል። ማቱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አኑሩ፤ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን አትሥሩ። ደግሞም ጥሬ ጄልኮትን ፀሐይና ነፋስ አታስመቱት፤ ስታይሪኑ ተንኖ ይሄድና ላዩ ሳይበስል ይደርቃል።

የዕቃ ስሌት ለሚፈልግ፦ 4 ካሬ ሜትር የሆነ የሆድ ክፍል በአራት ንብርብር 450 ግራም ማት ሲሠራ 7.2 ኪሎ ማት ይወጣዋል፣ ውፍረቱም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሬዚኑ የማቱን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል እንዳያልፍ፤ 16 ወይም 17 ኪሎ ይበቃል። ሃርድነሩ 250 ግራም፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን ጄልኮት ደግሞ 2.5 ኪሎ። ሠሪው ለዚህ ስፋት 25 ኪሎ ሬዚን ካስገዛችሁ ወይ ተርፎለታል ወይ ጀልባችሁ ሬዚን በዝቶበት እንደ ብርጭቆ ሊሰነጠቅ ነው። አየሩን በብረት ሮለር እያስወጣ መሥራቱንም ቆማችሁ እዩ፤ የቀረው አረፋ ሁሉ የነገ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው።

ሬዚን ለማብቃቃት በብርጭቆ ማት ፈንታ ቃጫ የሚያስገቡም አሉ። ቃጫ ጠንካራ ነው፣ ለገመድ ማን ያማርረዋል? ግን የተክል ክር ስለሆነ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከሬዚኑም ይላቀቃል። ለወንበር ጀርባ ይሁን። ለጀልባ አይሁን።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፈተና

ሠሪውን ከዚያው ሬዚንና ከዚያው ማት 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ጠይቁት። 4 ሚሊ ሜትር ከወፈረ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሬዚን ቀቡት፤ አለዚያ ውኃው በክሮቹ አፍ እየገባ ውጤቱን ያዛባል። በፀሐይ ወይም በ50 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁትና ወርቅ ሠሪ ጋ፣ እስከ መቶኛ ግራም በሚያነብ ሚዛን አስመዝኑት። ከዚያ 60 ዲግሪ በሆነ ውኃ ፔርሙዝ ውስጥ አስገቡት፣ ውኃውን ጧትና ማታ እየቀየራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት። አውጥታችሁ ጠርጋችሁ መዝኑ፣ እንደገና አድርቃችሁ መዝኑ። 0.15 ግራም መጨመር ማለት 1 በመቶ ውኃ ነው። ዋናው ግን የመጨረሻው ሚዛን ነው፤ ደርቆ ከመነሻው ካነሰ ከአካሉ ተሟሙቶ የወጣ ነገር አለ፣ ሬዚኑ ጥሬ ነው ወይም እየበሰበሰ ነው።

ለማፋጠን ብለው የሚያፈሉት አሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ከተራው ፖሊስተር መለስለሻ በላይ ነው። ጣና ላይ ፈጽሞ የማይደርስበት ጉዳት ይደርስበታል፣ ደህናውም ይወድቃል። 60 ዲግሪ ይበቃል።

ያገለገለ ጀልባ የሚገዛ ደግሞ ከሆዱ ይልቅ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ ይመርምር። ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ውኃ በብሎኑ ቀዳዳ ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ፋይበርግላሱ ከውጭ ደህና መስሎ ይቆያል። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እያደረጋችሁ ስሙት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ወይም የራሰው ድምፁ ይደፈናል። አዲስ ብሎን ስታስገቡ ቀዳዳውን መጀመሪያ አስፍታችሁ ብሱት፣ በኤፖክሲ ሙሉት፣ ሲጠነክር በመካከሉ በልኩ ብሱት። ብሎኑ ያኔ እንጨቱን አይነካም። አሥር ደቂቃ የሚጨምር ሥራ ነው።

ብርሃን ስለሚያስገባው የጣሪያ ክዳን ብዙ የሚባል የለም። ዝናቡ ላዩ ላይ ስለማይተኛ ጠላቱ ውኃ ሳይሆን ፀሐይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ደብረ ማርቆስ ላይ ከቆላው ቀድሞ ቢጫ ይሆናል፣ ክሩም እንደ ጠጉር ይወጣል። እጅ ሲነካው መብላት ከጀመረ በአክሪሊክ ቀለም ሸፍኑት። ለውኃ ታንከር ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ በስሏል ወይ? ሽታው የማይለቅ ታንከር አልበሰለም፤ ለመጠጥ አትቀበሉት። የፀሐይ ማሞቂያ የሞቀ ውኃም በተራ ፖሊስተር ታንከር ውስጥ አይጠራቀም።

ውኃ ለቋጠረ ጀልባ የጥገናው ጊዜ በጋ ነው። በኅዳር መጨረሻ አውጡት። የቋጠረውን ጄልኮት በግራይንደር ላጡት፤ ለአቧራው የአፍ መሸፈኛና መነጽር ግድ ነው። ከዚያ በሙቅ ንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ አሲዱና ግላይኮሉ በማድረቅ ብቻ ስለማይወጣ ማጠቡን ለሳምንታት በየጥቂት ቀኑ ድገሙት። ማጠብ ሳይኖር የደረቀ ሆድ በሁለተኛው ክረምት እንደገና ይቋጥራል። ማድረቁ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩት፤ ጧት ከውስጥ ጤዛ ካለ ገና ነው።

የሚደፈነው በፖሊስተር አይሁን፤ ለአሮጌ ፖሊስተር አዲስ ፖሊስተር በደንብ አይያዝለትም። ኤፖክሲ ተጠቀሙ። ክሩ የተጎዳበትን ቦታ ጠርዙን በውፍረቱ 12 እጥፍ አስፍታችሁ አስተኙት፤ 4 ሚሊ ሜትር አካል ከሆነ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር። ከላዩ ጠቅላላ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር እስኪሞላ አምስት ስድስት ጊዜ ቀቡ። ማለዳ ብርድና ጤዛ ባለበት የተቀባ ኤፖክሲ ላዩ ላይ እንደ ሰም የሚሟልጭ ነገር ያወጣል፤ በውኃና በስፖንጅ ካልታጠበ የሚቀጥለው ቅብ አይይዝም። ከመጨረሻው ቅብ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ሙቀት ባለበት ይቆይ፣ ከዚያ ወደ ውኃ ይውረድ።